ጥሎሿን ሱቅ ያደረገችው ሴት



ባለፈው ስብሰባችን የተነሣው ክርክር ገና ከጆሯችን አልወጣም። በዕለቱ ያልነበራችሁ እንድትረዱት ባጭሩ እናስታውሳችሁ። የማኅበራችን ሱቅ የአዳዲስ አባላትን ጥልፍና ስፌት እየተቀበለ ይሸጣል። ገዢ የማያውቃቸው፣ እጃቸው ገና ያልተፍታታ ሴቶች ሥራቸውን መጀመሪያ የሚያሳዩት በእኛ መደርደሪያ ላይ ነው። ሥራቸው ሲያምርና ስማቸው ሲታወቅ ግን አንዳንዶቹ የተሻለ ዋጋ ወደሚሰጣቸው ትልቅ ነጋዴ ይሄዳሉ። ዘንድሮ ብቻ ሦስት ሄደውብናል። በዚህ የተነሣ፣ ከእንግዲህ አዲስ የምትገባ አባል ዕቃዋን ለማኅበሩ ሱቅ ብቻ እንድትሸጥ ትፈርም የሚል ሐሳብ ቀረበ። ግማሾቻችን ደገፍን፣ ግማሾቻችን ተቃወምን፤ ሳንወስን ወደየቤታችን ተበተንን።

ከስብሰባው በኋላ እኛ የዜና መጽሔቱ አዘጋጆች ቡና ላይ ስንጫወት የአንዲት ባለሱቅ ታሪክ ተነሣ። አገሯ ሩቅ ነው፤ ፈረንሳይ፣ ፓሪስ። ዘመኗም ሩቅ ነው፤ ከሞተች ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗታል። የምትሸጠውም ጥልፍ ሳይሆን ሥዕል ነበር። ችግሯ ግን የእኛው ነበር፤ ያውም አርባ ዓመት ያህል የተሸከመችው። ስለዚህ በዚህ እትም የሕይወት ታሪኳን ልናካፍላችሁ ወደድን። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አትርሱ።

ስሟ ቤርት ቬይ ይባላል። የተወለደችው በ1865 ፓሪስ ውስጥ ነው። ወላጆቿ ዘራቸው አልዛስ ከሚባለው የምሥራቅ ፈረንሳይ ግዛት የሚመዘዝ አይሁዳውያን ነበሩ። ቤቱ ልጅ የበዛበት፣ ገንዘብ ያነሰበት ቤት ነበር። ስለዚህ ቤርት ገና በወጣትነቷ ሥራ ልትማር ሳልቫቶር ማየር ወደሚባል ዘመዳቸው ሱቅ ገባች። ማየር የጥንት ዕቃና አሮጌ የኅትመት ሥዕል ነጋዴ ነበር። ቤርት እዚያ ዓመታት ቆየች። የትኛው ወረቀት ጥንታዊ እንደሆነ፣ የትኛው ተመሳስሎ እንደተሠራ፣ የትኛው ገዢ በዋጋ ተከራክሮ እንደሚገዛና የትኛው ነካክቶ እንደሚሄድ ያየችው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቷ ያ ሱቅ ነበር ማለት ይቻላል።

ማየር በ1896 ሞተ። ቤርት በዚያ ጊዜ ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ ባል የላትም፤ በዘመኑ አስተሳሰብ ጊዜዋ ያለፈባት ሴት ነበረች። ከወንድሟ ጋር ሆና ሞንማርትር ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ፣ ቪክቶር ማሴ በሚባል መንገድ፣ በቁጥር 25 ትንሽ የጥንት ዕቃ ሱቅ ከፈተች። ሞንማርትር ኪራይ ርካሽ የነበረበት፣ ድሆች ሠዓሊዎች፣ ዘፋኞችና ሠራተኞች ተጨናንቀው የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። ቤርት ደጃፏ ላይ የሚያልፉትን ወጣት ሠዓሊዎች ማየት ጀመረች። ሥራቸውን የሚያሳይላቸው አልነበረም። ትልልቆቹ ነጋዴዎች የሚፈልጉት የታወቀ ስም ነው፤ በየዓመቱ በሚዘጋጀው ታላቁ የሥዕል ትርኢት ላይ የሚፈርዱት ዳኞች ደግሞ ለአዲስ ነገር ፊት አይሰጡም ነበር።

በ1900 መገባደጃ ከስፔን አንድ ልጅ መጣ። ዕድሜው ገና አሥራ ዘጠኝ ነበር። ፔሬ ማኛክ የሚባል የባርሴሎና ተወላጅ የልጁን ሥራዎች ይዞ ለቤርት አሳያት። የበሬ ፍልሚያ የሚያሳዩ፣ ጠመኔ በሚመስል ቀለም የተሠሩ ሦስት ሥዕሎች ነበሩ። ቤርት ሦስቱን በ100 ፍራንክ ገዝታ ለአንድ የጋዜጣ ሰው በ150 ፍራንክ ሸጠቻቸው። ትርፏ 50 ፍራንክ ነው። ልጁ ፓብሎ ፒካሶ ነበር፤ በፓሪስ የመጀመሪያ ሥዕሎቹን የሸጠችለት እሷ ናት። ብዙም ሳይቆይ ሰዎች ሲጨፍሩ የሚያሳየውን ትልቅ ሥዕሉን በ250 ፍራንክ ሸጠችለት። ያ ሥዕል ዛሬ ኒውዮርክ በሚገኘው የጉገንሃይም ሙዚየም ተሰቅሏል።

ቤርት ከዚህ በኋላ አንድ ውሳኔ ወሰነች። በእኛ አገር ልማድ ጥሎሽ የሚመጣው ከወንዱ ወገን ነው፤ በዚያ አገር ግን ሴቲቱ ወደ ባሏ ቤት ይዛው የምትሄደው ገንዘብ ነበር። ለቤርትም የተቀመጠላት ነበረ። ባል እስኪመጣ እንዲጠበቅ የተባለውን ያንን ገንዘብ ተቀብላ ሱቋን ለአዳዲስ ሥዕሎች ማሳያ አደረገችው። በዲሴምበር 1901 የቢ. ቬይ ጋለሪ ተከፈተ። በስሙ ላይ ያለችው ፊደል አንዲት ናት፤ ያንን ስም ያነበበ ሰው ባለቤቱ ሴት ትሁን ወንድ አያውቅም ነበር። በንግድ ካርዷ ላይ ደግሞ ቦታው ለወጣቶች መሆኑን አሳተመች። የጋለሪዋ ዓላማ በሙሉ ይኸው ነበር።

ጋለሪ ስንል ትልቅ አዳራሽ እንዳይመስላችሁ። ጠባብ ክፍል ነው። ቤርት ራሷ አጭር፣ ወፍራም መነጽር የምታደርግ ሴት ነበረች። ለክፈፍ የሚሆን ገንዘብ ሲጠፋ ትንንሾቹን ሥዕሎች በገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ትሰቅላቸው ነበር፤ እኛ የታጠበ ልብስ እንደምናሰጣው ማለት ነው። ወጣቶቹ ሠዓሊዎች እማማ ቬይ ይሏት ጀመር። ይሁን እንጂ ለስላሳ እናት አልነበረችም። ምላሷ ስለታም ነው። ገዢ ሲያሾፍ ትሰድበዋለች፤ ሠዓሊ ሲዋሽ ፊት ለፊት ትነግረዋለች። ብዙ ሰው ተቀይሟት ነበር፤ እሷም ብዙ ሰው ተቀይማ ነበር።

በ1902 አንድ ሌላ ሠዓሊ ሥራውን ይዞ መጣ። ሄንሪ ማቲስ ይባላል። ዕድሜው ሠላሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ቤቱን አቁማ የያዘችው ባርኔጣ እየሠራች የምትሸጠው ሚስቱ አሜሊ ነበረች። ቤርት የማቲስን ሥራዎች ከጓደኞቹ ሥራዎች ጋር ሰቀለች፤ ሥዕሉን ሸጦ ገንዘብ የሰጠው የመጀመሪያዋ ነጋዴም እሷ ሆነች። ከማቲስ ጋር ማርኬ፣ ካሞይን፣ ማንጌን፣ ቆየት ብሎም ዴረንና ቭላመንክ በሱቋ ታዩ። ራውል ዱፊ የሚባለው ሠዓሊ ደግሞ የዕድሜ ልክ ወዳጇ ሆነ።

የእነዚህ ሠዓሊዎች ሥራ ለዘመኑ ሰው ዓይን የሚከብድ ነበር። የሰው ፊት አረንጓዴ፣ ዛፍ ቀይ አድርገው ይሥላሉ። በ1905 መጸው በአንድ ትልቅ የፓሪስ ትርኢት ላይ በአንድነት ሲቀርቡ ሕዝቡ ሳቀ፤ ተቺዎችም አውሬዎች የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙ እስከ ዛሬ በሥዕል ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ይጠሩበታል። ፓሪስ በእነሱ መሳቅ ከመጀመሯ በፊት ግን አብዛኞቹን ቤርት በሱቋ ሰቅላቸው ነበር።

እዚህ ላይ እኅቶች፣ የእኛን ክርክር የሚነካው ክፍል ይመጣል።

የሠዓሊዎቹ ስም ሲነሣ ባለ ገንዘቦቹ መጡ። አምብሯዝ ቮላር የሚባለው ነጋዴ በ1906 ወደ ፒካሶ ቤት ሄዶ ወደ 20 የሚሆኑ ሥዕሎችን በ2,000 ፍራንክ አንድ ላይ ገዛው። ቮላር ሥዕል ገዝቶ ዋጋው እስኪወጣ ዓመታት ማስቀመጥ የሚችል ሰው ነበር። በ1909 ማቲስ በርንሄም ዠን ከሚባለው ትልቅ ጋለሪ ጋር ውል ፈረመ። በ1912 መጨረሻ ደግሞ ካንዋይለር የሚባለው ነጋዴ ፒካሶን ለሦስት ዓመት አስፈረመው። ቤርት በ100 ፍራንክ ሦስት ሥዕሎችን የገዛችለት ልጅ ከዚያ በኋላ የሌላ ሰው ሀብት ሆነ። አንዱ ሄደ፣ ሌላው ተከተለ። እሷ ደግሞ እንደገና ማንም የማያውቀውን ልጅ ፍለጋ ጀመረች።

ለምን አላስፈረመቻቸውም? እኛም መጀመሪያ የጠየቅነው ይህንን ነው። ከመካከላችን አንዷ ቤርት ሞኝ ነበረች አለች። ነገር ግን የእነዚያን ውሎች ነገር አጥርተን ስናየው አንድ ያላሰብነው ነገር ገባን። ማቲስ ለበርንሄም ብቻ ለመሸጥ ሲፈርም፣ በርንሄም በበኩሉ የማቲስን ሥዕሎች እንደየመጠናቸው በተቆረጠ ዋጋ ሊገዛ ግዴታ ገብቷል። ካንዋይለርም ፒካሶ የሚሠራውን ለመግዛት ተስማምቷል። ገበያ ኖረም አልኖረም ሠዓሊው ገንዘቡን ያገኛል። ለእኔ ብቻ ሽጥ የሚል ሰው፣ የሠራኸውን እኔ እገዛለሁ ማለት አለበት። ውሉ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ቤርት የወር ኪራይ ለመክፈል የምትጨነቅ ሴት ነበረች። ሥዕል ሲሸጥ ድርሻዋን ትወስዳለች፤ ካልተሸጠ እሷም ሠዓሊውም ባዶ እጃቸውን ያድራሉ። የሠዓሊን ሥራ በሙሉ ገዝታ የምታስቀምጥበት ገንዘብም ቦታም አልነበራትም። ስለዚህ ለመስጠት የማትችለውን ነገር በምላሹ አልጠየቀችም። ልጆቹ ሲሄዱ ተናድዳለች፤ ሰድባቸዋለች፤ መንገዳቸውን ግን አልዘጋችም።

ለሴት ሠዓሊዎች የነበራትንም ቦታ ሳናነሣ አናልፍም። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ ሥዕል መሣሏ ለጨዋ ቤት ልጅ እንደ ጌጥ ይቆጠር ነበር፤ ለመሸጥ ከሠራች ግን ብዙ በር ይዘጋባታል። ቤርት ለወንዶቹ በከፈተችው በር ሴቶቹንም አስገባች፤ ለብቻቸው ጥግ አላበጀችላቸውም። ዣክሊን ማርቫልን ጋለሪው በተከፈተ ማግስት፣ በ1902፣ ከማቲስና ከጓደኞቹ ጎን ሰቀለቻት። ኤሚሊ ሻርሚ የምትባለውን ሠዓሊ ለብዙ አሥርት ዓመታት ስታሳይ ኖራለች፤ ሁለቱ ሴቶች የልብ ጓደኛሞች ሆኑ። ሻርሚ የሣለችው የቤርት ምስል ዛሬ ካናዳ ውስጥ በሞንትሪያል ሙዚየም ይገኛል። ሱዛን ቫላዶን ደግሞ የልብስ አጣቢ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ለሠዓሊዎች እየተቀመጠች በመሣል እንጀራዋን ታገኝ ነበር፤ እነ ረኗር ሥለዋታል። ማንም ሳያስተምራት፣ የሚሥሏትን ሰዎች እጅ እያየች ራሷ ሠዓሊ ሆነች። ቤርት የቫላዶንን ሥራ ደጋግማ ሰቅላለች። በወንዶች ፊት ተቀምጣ ስትታይ የኖረች ሴት፣ እሷ ያየችው ነገር በቤርት ግድግዳ ላይ ታየ።

በ1914 ዲዬጎ ሪቬራ ለሚባል የሜክሲኮ ሠዓሊ የብቻው ትርኢት በፓሪስ አዘጋጀችለት። ሪቬራ በኋላ በአገሩ ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎችን ሥሎ በዓለም የታወቀው ሰው ነው። በዚያው ዓመት የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ሠዓሊዎቹ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ገዢው ጠፋ። ቤርት ግን ሱቁን አልተወችም።

በ1917 ጋለሪውን ወደ ቴቡ መንገድ፣ ቁጥር 50 አዛወረችው። እዚያ የሆነው ነገር ከሁሉም ታሪኳ በላይ የሚወራላት ነው። አሜዴዎ ሞዲሊያኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ታማሚ፣ ጠጪ፣ ምንም የሌለው። ዝቦሮቭስኪ የሚባል ፖላንዳዊ ገጣሚ፣ እሱም ከድህነቱ ላይ እየቆረሰ፣ ይረዳው ነበር። ዝቦሮቭስኪ ለቤርት ቢያማክራት የሞዲሊያኒን ሥራዎች ለብቻቸው ልታሳይ ተስማማች። ትርኢቱ በዲሴምበር 3 ተከፈተ። ከሥዕሎቹ መካከል የራቁት ሴቶች ሥዕሎች ነበሩ፤ ከመንገድ በሚታይበት ስፍራም ተሰቅለው ነበር። ሰው ተሰበሰበ፤ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ጮኸ። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ከመንገዱ ማዶ ያለው የፖሊስ ጣቢያ ነበር። የፖሊሱ አዛዥ ቤርትን አስጠርቶ ሥዕሎቹን እንድታወርድ አዘዛት።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዷ እኔም በዚያ ባልፍ ኖሮ ፊቴን አዞር ነበር ብላለች፤ አልፈረድንባትም። ያኔም ቢሆን ጥንታውያን የራቁት ሥዕሎች በየሙዚየሙ ተሰቅለው ነበር፤ ፖሊሱን ያስቆጣው ሞዲሊያኒ የሴትን ገላ ሳያለሰልስ፣ ፀጉሩንም ሳይደብቅ መሣሉ ነው። ቤርት ከአዛዡ ጋር ብትከራከርም አላዋጣትም። ሥዕሎቹ ወረዱ። ከትርኢቱ የተሸጡት በ30 በ30 ፍራንክ ሁለት ንድፎች ብቻ ናቸው። ቤርት ሠዓሊውና ዝቦሮቭስኪ ተስፋ እንዳይቆርጡ አምስት ሥዕሎችን ራሷ ገዛች። ሞዲሊያኒ በሕይወት ሳለ ለብቻው የቀረበለት ትርኢት ይኸው አንዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1920 መጀመሪያ፣ በ35 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በ2015 በኒውዮርክ ጨረታ፣ ከእነዚያ የራቁት ሴቶች ሥዕሎቹ አንዱ ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ሁለት ንድፎች በ60 ፍራንክ፣ አንድ ሥዕል በ170 ሚሊዮን ዶላር፤ በመካከሉ ያለው የአንድ ሰው ዕድሜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤርት ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረች። በ1920 የሥዕል ነጋዴዎች መንገድ ወደሚባለው ወደ ላፊት፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሰን ዶሚኒክ መንገድ ሄደች። በዚያው በ1920 ፒካሶ በእርሳስ ሣላት። ያ ንድፍ በኋላ የፈረንሳይ ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። በ1933 የጋለሪዋን ሠላሳ ዓመታት የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመች። ማን እንደረዳት፣ ማን እንዳታለላት፣ ማን ሳይከፍል እንደቀረ ሳታድበሰብስ ጻፈችው። ትልልቆቹ ነጋዴዎች የራሳቸውን ታሪክ ከመጻፋቸው በፊት መሆኑ ነው። በጠቅላላው ከ300 በላይ ሠዓሊዎች በግድግዳዋ ላይ አልፈዋል።

ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት መጣ። በ1940 የጀርመን ጦር ፓሪስ ገባ። አይሁዳውያን ንግድ እንዳይዙ፣ ንብረታቸውም እንዲወሰድ የሚያደርጉ ሕጎች ወጡ። ዕድሜዋ ሰባ አምስት የደረሰው ቤርት ጋለሪዋ ተዘጋ። ብዙ አይሁዳውያን ከፓሪስ ተለቅመው ወደ ሞት ካምፕ ሲጓዙ እሷ ተደብቃ ተረፈች። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ሱቅ የላትም፤ ገንዘብ የላትም፤ ጤናም የላትም። በ50 ፍራንክ ትርፍ የሸጠችው ልጅ በዓለም ከሁሉ የታወቀ ሠዓሊ ሲሆን፣ እሷ አሮጊት ሆና ቤቷ ተቀምጣ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ለእናንተ ለመጻፍ ባልደፈርንም። በ1946 ችግሯ በሥዕል ወዳጆች ማኅበር ጆሮ ደረሰ። ሠዓሊዎችና ጋለሪዎች ለእሷ እርዳታ የሚሸጡ ሥራዎችን እንዲሰጡ ተጠየቁ። ከ80 በላይ ሥራዎች ተሰበሰቡ። ከሰጡት መካከል ያኔ ሥራቸው በሱቋ የተሰቀለ ሠዓሊዎች ነበሩ። በዲሴምበር ወር ጨረታው ተካሄደ፤ ገቢውም ለቀሪ ዕድሜዋ መጦሪያ ሆነላት። በ1948 የፈረንሳይ መንግሥት የክብር ሌጌዎን ኒሻን ሰጣት። በኤፕሪል 1951 በ85 ዓመቷ ዐረፈች። ባል አላገባችም፤ ልጅም አልነበራትም።

ከሞተች በኋላ የእነ ቮላርና የእነ ካንዋይለር ስም በትልልቅ መጻሕፍት ሲጻፍ የእሷ በግርጌ ማስታወሻ ቀረ። ሥዕል አስቀምጦ የከበረው ሰው ስሙ ከሥዕሉ ጋር ይኖራል፤ ዛሬ ገዝቶ ነገ የሚሸጠው ሰው ስም አብሮ ያልፋል። በቅርቡ ግን ታስታውሳለች። በ2024 በኒውዮርክ፣ በ2025 በሞንትሪያልና በራሷ ከተማ በፓሪስ፣ እሷ ያሳየቻቸውን ሥራዎች የሰበሰበ ዐውደ ርዕይ በስሟ ቀርቧል።

እንግዲህ እኅቶች፣ ወደ ክርክራችን እንመለስ። ይህን ታሪክ አንብበን እኛም አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም፤ ያለያየንን ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

አንዳንዶቻችን የምንለው ይህ ነው፦ የቤርት መጨረሻ አስፈሪ ነው። ያ ጨረታ ባይደረግ ኖሮስ? እርዳታው የመጣው ሰዎች ስላስታወሷት ነው፤ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አያስታውስም። ማኅበራችን በሰዎች ውለታ መላሽነት ላይ ተደግፎ ኪራይ መክፈል አይችልም። ቤርት ከየሠዓሊው አንድ አንድ ሥዕል ለራሷ ማስቀመጥ ብትችል ኖሮ እርጅናዋ ሌላ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሱቁ ከሚሸጠው ሁሉ ጥቂት ድርሻ ለክፉ ቀን የሚቀመጥበት ደንብ ያስፈልገዋል። በዚህ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል።

የማስፈረሙን ነገር በተመለከተ ግን አብዛኞቻችን ሐሳባችንን ለውጠናል። አዲሷን አባል ለእኛ ብቻ ሽጪ ካልናት፣ የሠራሽውን ሁሉ እኛ እንገዛሻለን ማለት አለብን። ይህን ለማለት የሚበቃ ገንዘብ በሣጥናችን የለም። በክረምት ገዢ ሲጠፋ የእሷ ስፌት መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ ልጆቿን ምን ታበላለች? መግዛት ሳንችል ማሰር ግፍ ነው። ሦስቱ የሄዱብን እኅቶች ያስከፉን እውነት ነው፤ ደህና ዋሉ ሳይሉ መሄዳቸው ተገቢ አልነበረም። ነገር ግን የተሻለ ዋጋ ማግኘታቸው ማኅበሩ የተቋቋመበት ምክንያት አይደለም ወይ? ቤርት ሱቋን የከፈተችው ማንም የማያውቃቸው እንዲታወቁ ነበር። ሲታወቁ ሄዱባት፤ ሥራዋ ተሳክቶ ነበርና።

ከመካከላችን አንዷ ብቻ አሁንም በመጀመሪያ አቋሟ ጸንታለች። ቢያንስ ለመጀመሪያው አንድ ዓመት፣ ማኅበሩ ክርና ጨርቅ ያቀረበላት አባል በዚያ ክርና ጨርቅ የሠራችውን ለማኅበሩ ታስረክብ ትላለች። ይህም የሚናቅ ሐሳብ አይደለም፤ የሰጠነውን መጠየቅ ያልሰጠነውን እንደመጠየቅ አይቆጠርምና። በሚቀጥለው ስብሰባ ራሷ ታስረዳችኋለች።

አንድ ነገር ደግሞ እንጠይቃችሁ። የሄዱትን ሦስት እኅቶች አድራሻ የምታውቁ ካላችሁ፣ በማኅበሩ ዓመታዊ በዓል ላይ እንዲገኙ፣ ከቻሉም አንድ አንድ ሥራ ይዘው እንዲመጡና በሱቁ ስም እንዲሸጥ ንገሩልን። ስሞታ እንዳታሰሙ፤ ቡናው እንደሚጠብቃቸው ብቻ ንገሯቸው። የቤርት ሠዓሊዎች የተመለሱት ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ የእኛዎቹ ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ናቸው።

በስብሰባው እንገናኝ። ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ብታመጡ ደግሞ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።